በጥንቱ ሰገራ ላይ የተገኘው አዲስ እጅ

የግል ተበዳይ የሰጡት የምስክርነት ቃል

ስም፦ ሙሉ ስማቸው በመዝገቡ የተያዘ፤ በሥራ ቦታ «ጋሼ ወንፊት» የሚባሉ
ዕድሜ፦ 71
ሥራ፦ የጥንት ቅሪት ቆፋሪ
አድራሻ፦ ከዋሻው በታች፣ ከመጋዘኑ ጎን ያለው ቤት
ቀን፦ ማክሰኞ ጠዋት

የተበደልኩት ይህ ነው፤ ከዋሻው የወጣውን ጥንታዊ የሰው ሰገራ ደብቆ በምትኩ የራሱን አድርቆ በሳጥን ከትቷል ተብዬ በሠራተኛ ሁሉ ፊት ተዋርጃለሁ። መርማሪው ይህን ሲጽፉ ፈገግ ብለዋል። ለእኔ የሚያስቅ ነገር የለውም። ወንበር ተሰጥቶኝ አልተቀመጥኩም፤ ቃሌን የምሰጠው ቆሜ ነው።

ቁፋሮን የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ሳይሆን እየቆፈርኩ ነው። ሰገራውን ያገኘሁት በዋሻው ጥግ፣ ከምድጃ አመድ ሥር ሲሆን ደርቆ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ነበር። በጓንት አንስቼ፣ በንጹሕ ፎይል ጠቅልዬ፣ ሳጥኑን አሽጌ ለቤተ ሙከራው አስረክቤያለሁ። ቤተ ሙከራው ከእንዲህ ያለ ቅሪት ዲኤንኤ እያወጣ የጥንት ሰዎች ምን ይበሉ እንደነበር፣ በሆዳቸው ምን ትል እንደነበረ ያጠናል። ልጄ እዚያው የቤተ ሙከራው ኃላፊ ጸሐፊ ናት። ሌላ ልጅ የለኝም።

ውጤቱ ሲደርስ ኃላፊው ሁላችንንም ሰብስቦ «ጋሼ፣ ይሄ ጥንታዊ አይደለም። ያገኘነው ዲኤንኤ የዛሬ ሰው ነው፤ ትኩስ!» አለኝ። ከቆፋሪዎቹ አንዱ «ለመሆኑ ጋሼ ወንፊት፣ ቁርስ ምን በልተው ነበር?» ብሎ ሰዉን አሳቀብኝ። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አልሳቀችም።

በሥራችን ደንብ ቅሪቱን የነካ ሁሉ ምራቁን ይሰጣል፤ የእሱ ዲኤንኤ ከጥንቱ ጋር ቢቀላቀል ለመለየት ነው። እኔ ግን አልሰጥም ብያለሁ። «ጓንት ያደረገ ሰው የምን ምራቅ ይጠየቃል?» ብዬ ተከራክሬያለሁ። እምቢታዬን እንደ ጥፋት ቆጥረው የዋሻውን ቁልፍ ነጠቁኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ቤት ውስጥ ስንጎራደድ ልጄ «አባዬ፣ ተወው በቃ፤ አረፍ በል» ትለኝ ነበር። አልተውኩም። እዚህ ጣቢያ መጥቼ ኃላፊውን በስም ማጥፋት ከሰስኩ፤ ምራቄንም በመርማሪው ፊት ሰጠሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ኃላፊው እኔን፣ መርማሪውንና ልጄን ቢሮው ጠራን። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከሰገራው መሐል ሌላ ናሙና ወስደን ነበር፤ እውነትም ጥንታዊ ነው። ማሽላና ዓሣ የበላች ሴት ናት። ላዩ ላይ ያለው የዛሬው ዲኤንኤ ደግሞ የእርስዎ አይደለም» አለኝ። ቁልፌን ልቀበል እጄን ዘረጋሁ። እሱ ግን ቁልፉን እንደያዘ ልጄን አየት አደረጋት።

«ግማሹ ከእርስዎ ምራቅ ጋር ይገጥማል፤ የልጅዎ ነው» አለ።

ልጄ ማልቀስ ጀመረች። «አባዬ፣ አንተ ያወጣኸውን ላየው ብዬ ነው። ሳጥኑን ከፍቼ በእጄ ያዝኩት። ላገኘሁት ሰው ሁሉ አባቴ ነው ያወጣው እያልኩ ስኮራ ነበር» አለች።

«የሳቁብኝ ቀንስ ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት።

«ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ።»

ይህን የተናገረችው በራሷ ፈቃድ ነው፤ ያስገደዳት የለም። ያቺ የጥንት ሴት የበላችውን ሁሉ አስታውቃለች። የእኔዋ በየማታው ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እራት እየበላች አንዲት ቃል አልወጣትም።

መርማሪው በልጄ ላይ ክስ እመሠርት እንደሆነ ጠይቀውኛል። አልመሠርትም። ይቅርታ አድርገዋል ብለው እንዳይጽፉም ነግሬያቸዋለሁ፤ አላደረግሁም። በኃላፊው ላይ ያቀረብኩትን አቤቱታ አንስቻለሁ። ቁልፌን ተቀብያለሁ፤ ከዚህ ስወጣ ወደ ዋሻው እሄዳለሁ።

የሰፈረውን ቃል ሌላ ሰው ሳያነብልኝ ራሴ አንብቤዋለሁ፤ እውነት ነው፤ የሚጨመርበትም የሚቀነስበትም የለም። ስለዚህ ጉዳይ ከዛሬ በኋላ ለፖሊስም፣ ለኃላፊውም፣ አሁን ውጭ በሩ ላይ ቆማ ለምትጠብቀኝ ልጄም አልናገርም።

የቃል ሰጪው ፊርማ፦ ፈርመዋል
የመርማሪው ፊርማ፦ ፈርመዋል