አርባኛዋ ቃል

የስልካቸው መስታወት ባይሰነጠቅ ኖሮ መምህሩ እዚያች ጠባብ የሞባይል መጠገኛ ቤት አይገቡም ነበር። ጠጋኙ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁኝ ስላላቸው ቦርሳቸውን ታቅፈው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ከጎናቸው ስልኳን ስትነካካ የነበረችው ሴት ቀና ብላ አየቻቸውና ብድግ አለች።

«ቲቸር፣ እርስዎ ነዎት?»

አወቋት። ከሃያ ዓመት በፊት ከወንድ ልጃቸው ጋር አንድ ዴስክ ላይ ትቀመጥ የነበረች ተማሪያቸው ናት። እሳቸው የውጭ ቋንቋ ያስተማሩት ሠላሳ አራት ዓመት ሲሆን፣ ተማሪዎቹ ያወጡላቸው ስም «ከላይ ጀምር» ነበር፤ ያውም የሚጠሯቸው ከጀርባቸው ነው። ስሙ ያለ ነገር አልወጣም። በየዓመቱ ያንኑ መቶ ሃያ ቃል ይሰጣሉ፤ ተማሪው ቆሞ በቃሉ ይወጣቸዋል። አንዲቷን ከሳተ «ከላይ ጀምር» ነው። መቶ አሥረኛዋ ላይ ቢስትም ያው ከላይ ነው።

ጨዋታ ሲጀምሩ ሥራዋን ነገረቻቸው። የውጭ ቋንቋ ቃላት የሚያስጠና የስልክ መተግበሪያ እየነደፈች ነው። የመጀመሪያ ሙከራዋን ሰዎች ሳምንት እንኳ ሳይቆዩ ትተውባታል፤ ሌላው ሁሉ ቢስተካከልም የጎደላት ጥሩ ምሳሌ ያላቸው ቃላት ነው። ቃላቱን ከነምሳሌያቸው የጻፉበትን የእሳቸውን ደብተር እንዲሰጧት ለመነቻቸው። ደብተሩም እዚያው ቦርሳቸው ውስጥ ነበር፤ ከጡረታ ወዲህ ቤት ለቤት ተማሪ የሚያስጠኑት በሱ ነው።

መምህሩ በጀ አላሉም። ስልክ ልብ ይሰርቃል፣ በጣት እየነካኩ የተማሩት አይጸናም፣ እኛ የተማርነው ቆመን ነው እያሉ ብዙ ተከራከሩ። እሷም ስልክ ልብ መስረቁን አልካደችም።

«ታዲያ ያንቺ በምን ተሻለ?» አሏት። «እኔም ያደረግሁት ማስደገም ነው።»

«አፑ ከላይ አያስጀምርም፣ ቲቸር። ያወቁትን ቃል ያርቅልዎታል፤ መጀመሪያ በሦስት ቀን፣ ቀጥሎ በሳምንት፣ ከዚያ በወር ይጠይቅዎታል። የሳቱትን ግን ነገ ጠዋት መልሶ ያመጣዋል። እርስዎ ያስደግሙን የነበረው መጀመሪያውን ብቻ ነው።»

«ማን አለ?»

«ደብተሩን ይግለጡና ይጠይቁኝ።»

ገለጡ። ከመጀመሪያዋ ቃል ተነሥታ እንደ ውሃ አወረደችው። ሠላሳ ስምንተኛዋ ላይ ቀጥ አለች። ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው። የድሮ ጓደኞቿንም ጠይቃ ነበር፤ አሥራ ሁለት ሆነው ከአርባ ያለፈ አንድም አልተገኘም። የማጠቃለያው ፈተና ደግሞ አብዛኛው ከአርባኛዋ ወዲያ ካሉት ቃላት እንደነበር መምህሩ አላጡትም፤ ያወጡት ራሳቸው ናቸው።

«ልጄስ?» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ከሁላችንም በላይ ያጠና ነበር። አርባኛዋ ላይ ይስታል፣ ከላይ ይሉታል፣ ደወሉ ይደወላል። በማግስቱም እንደዚያው።»

ሰው ጥፋቱን ሲነግሩት የሚሟገተው ሁልጊዜ ግትር ሆኖ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ «እሺ» ማለት ኑሮን በሙሉ ያፈርሳል። ያ ልጅ ፈተናውን ወድቆ ትምህርቱን ተወ፤ ዛሬ የመጋዘን ዘበኛ ነው። አባቱ በዘመድ ፊት «ጭንቅላቱ ድንጋይ ነው» እያሉ ስንት ዓመት አስቀውበታል። አሁን በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ የሚገቡበት ጠፋቸው።

ደብተሩን አንሥተው ጭኗ ላይ አኖሩላት።

«ከላይ ጀምር የሚል ቁልፍ አለው?»

«የለውም።»

«እንዳታስገቢበት።» ከዚያ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ሁሉ ማስረዳት ጀመሩ። «እንዲህ ከሆነ ተማሪው የሚያውቀውን ሲዘምር አይውልም፤ በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ቢስትም የሚያይበት የለም፣ አያፍርም። የመጨረሻዋም ቃል ተራዋ ይደርሳታል። ትክክል ነሽ፣ ልጄ። እኔ ነኝ ዘግይቼ የገባኝ።» የተጠገነውን ስልካቸውን ተቀብለው ወጡ።

ቤት ሲደርሱ ልጃቸው ከሥራ ገብቶ ጫማውን እየፈታ ነበር። ሳይቀመጡ ነገሩት።

«ጥፋቱ የኔ ነበር። ያንተ ጭንቅላት ምንም አልነበረበትም።»

ልጁ አልተቆጣም፣ ደስም አላለውም። የጫማውን ማሰሪያ መፍታቱን ቀጠለ።

«አርባኛዋ ማን ነበረች፣ አባዬ?» አለ። «እስከ ዛሬ አላውቃትም።»

መምህሩ ሊነግሩት አፋቸውን ከፈቱ። ቃሏ አልመጣችም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሲጠይቁ የኖሩት ደብተር እያዩ ነው፤ ደብተሩም የለም። ዓይናቸውን ጨፍነው በሹክሹክታ ከላይ ጀመሩ። ሠላሳ ዘጠነኛዋ ላይ ደርሰው ቆሙ። ቀና ሲሉ ልጃቸው ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ገብቷል።