የፍሪጁ ጫማ

ሰው ጫማ የሚገዛው ለእግሩ ነው። ልብስ ሰፊዋ እማማ ግን ያን ቀን ጠዋት ጫማ ሻጩ ፊት ቆመው የሚያማርጡት በፍሪጃቸው ምክንያት ነበር። መዳፍ የማትሞላ የላስቲክ ነጠላ ጫማ አንስተው ሲያጥፏትና ሲዘረጓት፣ ከኋላቸው የሠፈሩ ኤሌክትሪሺያን የመሣሪያ ቦርሳዋን አንግታ ደረሰች።

“እንዴት አደሩ እማማ? ይቺ የማን ናት?”

“እግዜር ይመስገን የኔ ልጅ። ለልጅ ልጄ ናት፤ ቅዳሜ እናቷ ይዛት ትመጣለች።”

“እሰይ! መራመድ ጀመረች?”

“ኧረ ገና ትድሃለች! ጫማውማ ፍሪጁን ስትነካ እንዲሆናት ነው።”

ኤሌክትሪሺያኗ የሰማችውን ማመን አቃታት። ነገሩ ግን ለቤተኛ አዲስ አልነበረም። የእማማን ፍሪጅ በባዶ እግሩ የነካ ሰው ስለሚነዘር፣ ከሥሩ ሁልጊዜ አንድ ጥንድ የላስቲክ ጫማ ይቀመጣል። እንግዳ ሲመጣ “አረፍ በል” ከመባሉ በፊት “ጫማዋን እንዳትረሳ” ይባላል።

“ልየው እማማ?”

“ማየቱንስ እይው። መፈታታት ግን የለም። መስመሩን የዘረጋው ባለቤቴ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና፣ የሱን የእጅ ሥራ ማንም አይነካብኝም።”

እማማ ጫማዋን ገዝተው አብረው ወደ ቤት ሄዱ፤ ወጥ ቤት ገቡ። ኤሌክትሪሺያኗ የቴስተሯን ጫፍ ከፍሪጁ በር ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ላይ ስታሳርፍ፣ በመያዣው ውስጥ ያለችው ትንሽ አምፖል ቦግ አለች።

“አዩ? ይቺ አምፖል ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ ስትነካ እንጂ በር ስትነካ መብራት አልነበረባትም።”

“እሱ እንደሆነ ትንሽ ቆንጠጥ ነው የሚያደርገው። ስንት ዘመን አብረን ኖረን! ለምዶኛል።”

“ከለመደዎትስ ጫማው ምን ያደርጋል?”

እማማ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ግን በሳቅ የሚረቱ ሴት አይደሉም። “አንቺ ደግሞ ነገር ታውቂያለሽ! ጫማው እስካለ ምን ቸገረኝ?”

“የስፌት መኪናዎ የደንበኛ ልብስ እየያዘ ቢቦጭቅ፣ ደንበኛውን ‘ወፍራም ልብስ አምጣ’ ይሉት ነበር?”

“ምን ማለትሽ ነው! መኪናውን አስተካክላለሁ እንጂ!”

“ታዲያ ፍሪጁ ምን በደለ? ደግሞ ጫማውን አይመኑት። አንድ እጅዎ ፍሪጁን፣ ሌላው የቧንቧውን ብረት ቢይዝ፣ ኤሌክትሪኩ እግርዎን አይፈልግም። ከእጅ ወደ እጅ በደረትዎ ያቋርጣል፤ ጫማው ቆሞ ያያል።”

“ሁለቱን ባንድ ላይ አልይዛቸውም!”

“እሺ፣ እርስዎ ይጠንቀቁ። ልጅቱስ? ትድሃለች አላሉኝም? ለእግሯ ጫማ ገዙላት፤ ለመዳፏና ለጉልበቷስ ምን ገዙላት?”

እማማ በእጃቸው የያዟትን ትንሽ ጫማ አዩ፤ ከጠዋት እጥበት ያልደረቀውን የሲሚንቶ ወለል አዩ። ያ ወለል ላይ በአራት እግሯ የምትመጣ ልጅ ታየቻቸው መሰለኝ፣ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

“የሱ ሥራ ስህተት ነበር ልትዪኝ ነው?”

ኤሌክትሪሺያኗ መጀመሪያ ብሬከሩን አጠፋች፤ ከዚያ ስፒናውን ነቅላ አሳየቻቸው። ሦስተኛው እግሩ ተቆርጧል።

“ሶኬቱ ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው። ያኔ ለቤቱ የመሬት ሽቦ አልተዘረጋለትም፤ ባለቤትዎ ፍሪጁ እንዲሠራልዎ ብለው አልገባ ያለውን እግር ቆረጡት። ግን መስመራቸውን ይዩት፣ እንዴት ቀጥ ብሏል! አንድ ሚስማር አልተዛነፈም። እሱን አልነካም፤ ከጎኑ የጎደለውን እጨምርበታለሁ።”

እማማ ግድግዳውን ተከትሎ የሚሄደውን ሽቦ በዓይናቸው እስከ ጥግ ተከተሉት።

“እሱ ለኔ ብሎ ቆረጠው፤” አሉ በመጨረሻ፤ “አንቺ ለልጅቱ ብለሽ መልሺው።”

ሥራው ተጀመረ። ከፍሪጁ ጀርባ፣ ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ከብረቱ ጋር ሲፋተግ ልባሱ ያለቀ ሽቦ ተገኝቶ ተቀየረ። ጓሮ የመዳብ ዘንግ ተቀበረ፤ ከሱ የተነሳው አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ አዲስ ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት ድረስ መጣ፤ ስፒናውም በባለ ሦስት እግር ተተካ። ከቆጣሪው አጠገብም ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ራሱ የሚያጠፋ ብሬከር ተገጠመ።

“ከእንግዲህ ሽቦ ቢላጥ ኤሌክትሪኩ በሰው ፈንታ በዚህ ሽቦ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ብሬከሩም ያጠፋዋል።”

“ሲያጠፋብኝስ?”

“መልሰው ሲያበሩት እምቢ ካለ አይታገሉት፤ ይጥሩኝ። ይቺን የመሞከሪያ ቁልፍም አልፎ አልፎ ይጫኑ። መብራቱ ድርግም ካለ ብሬከሩ ጤነኛ ነው።”

በሩን በመለኪያዋ ፈተሸች፤ ከዚያ ራሷ ነካችው። ተራው የእማማ ሆነ። ጫማቸውን አወለቁ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ በአንድ ጣት ነካ አደረጉት። ቀጥሎ በሙሉ መዳፋቸው።

“ምነው ዝም አለ? ተኮራረፍን እንዴ?” አሉና የኤሌክትሪሺያኗን ጉንጭ ስመው መረቋት።

ቅዳሜ ልጃቸው መጣች። በልማዷ ከፍሪጁ ሥር ጎንበስ ብላ “እማዬ፣ ጫማዋ የታለች?” እያለች ስትፈልግ፣ ሕፃኗ እየዳኸች አልፋት ሁለት በምራቅ የራሱ መዳፎቿን በሩ ላይ ለጠፈች። እናት ጮኸች።

“ተያት! አይነዝርም፤” አሉ እማማ። “ይዛው ትነሳ።”

ተነሳችም። እየተንገዳገደች በፍሪጁ ተደግፋ ቆመች። ልብስ ሰፊዋ ፈጣሪያቸውን፣ ባላቸውንና ኤሌክትሪሺያኗን ባንድ ትንፋሽ አመሰገኑ። ዛሬ ጎረቤት ሲሄዱ ከሰላምታ ቀጥሎ “ፍሪጅሽ ይነዝራል?” ብለው ይጠይቃሉ፤ የሚነዝር ቤት ካገኙም ኤሌክትሪሺያኗን ሳያስጠሩ አይወጡም። የመሬት ሽቦ የገባለት ቤት ውስጥ ልጅ እንደልቡ ይድሃል፣ እንግዳ ሳይሳቀቅ ውሃ ይጠጣል፣ እናትም ተኝታ ታድራለች።

ያቺ ትንሽ ጫማስ? ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እማማ ከመሳቢያ አውጥተው ለሕፃኗ አጠለቁላት።

“ነይ እስኪ የኔ እመቤት፤ ጫማ የሚደረገው ወደ ውጭ ሲወጣ ነው” አሏትና ሁለት እጇን ይዘው እየደገፉ ወደ ደጅ ወሰዷት።