«አፈር ስሆን» ያለኝ ሰው
አረቄ ከተውኩ ሰባት ወሬ ነው። እስከዛሬ የጠጣሁት ቢጠራቀም ኖሮ የህዳሴ ግድብ ያለ ዓባይ በሞላ ነበር! ባለፈው እሁድ እዚሁ አሶሳ ሰርግ ተጠራሁ። ከወሎ አብሮኝ መጥቶ የሰፈረው የመጠጥ ጓደኛዬ ደምሴ፣ መለኪያውን ሞልቶ አፍንጫዬ ሥር ደቀነው።

«ትቻለሁ አልኩህ እኮ!»

«ምነው፣ መድኃኒት ጀመርክ እንዴ?»

«ጤነኛ ነኝ።»

«እንግዲያው አንዲት ብቻ፤ አፈር ስሆን!»

ድንኳኑ ሙሉ «አፈር ስንሆን!» እያለ አጀበው። እጄ፣ ያቺ ከሃዲ፣ ወደ መለኪያው ስትሄድ አየኋት። ያኔ ደሜ ፈላ። ባምባሲ ድረስ እስኪሰማ ጮህኩ፦ «ሁና! እኔ አርባ ዓመት አፈር ሆኜ፣ ገና አሁን መነሳቴ ነው!» መለኪያውን ተቀብዬ እግሩ ሥር ደፋሁት።

«በል፣ አፈር ከሆንክ አንተው ጠጣው!»