ኮት የለበሱ ወንበሮች

«ማን ሞተ?» አልኳቸው መቀሴን አስቀምጬ።

«ማንም አልሞተም። ሦስት ጥቁር ኮት አውሰኝ ነው ያልኩህ።»

«እኮ፤ በጠዋቱ ሦስት ጥቁር ኮት! ለቀብር ካልሆነ ለምን?»

«አንተ ሟርተኛ! ነገ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ።»

እኒህ ጎረቤቴ በማዕከላዊ ባንኩ ቅርንጫፍ ሠላሳ ዓመት የካዝና ቁልፍ ይዘው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሰፈሩ «አባ ቁልፍ» ይላቸዋል። ቁልፉን አስረክበው ወጥተዋል፤ አፋቸው ግን እንደ ተቆለፈ ነው። ባለቤታቸው እንኳ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ የባላቸውን ደመወዝ ሳያውቁ ነው ያለፉት። ዛሬ በዚያው ቅርንጫፍ የምትሠራው አንዲት ልጃቸው ናት። ለማያውቅ ልንገር፤ ይህ ባንክ እንደኔ ያለውን ልብስ ሰፊ ገንዘብ አያስቀምጥም። ሌሎቹን ባንኮች ይቆጣጠራል፣ ያረጀ የወረቀት ገንዘብ ይሰበስባል፣ የገበያ ዋጋ ይመዘግባል።

«ጠረጴዛው አሥራ አንድ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ሠራተኛው አራት። ሁለቱን ኮት ወንበር ላይ አንጠልጥለን ባለቤቱ አሁን ብድግ ያለ እናስመስላለን። አራቱን ወንበር እኔና የጡረታ ጓደኞቼ እንይዛለን። በሦስተኛው ኮት አንተ ትቀመጣለህ።»

«እኔ? ምን ተብዬ?»

«የዋጋ ጥናት ባለሙያ።»

«እኔ የማውቀው የክርና የአዝራር ዋጋ ነው።»

«ይበቃል። ያምናውም ከዚያ በላይ አያውቅም ነበር።»

አልዋሽም፣ ሹመቱ ደስ አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ባለሙያ ብሎ የጠራኝ የለም። የደንበኛ ኮት ደርቤ መስታወት ፊት ደረቴን ስነፋ ልጃቸው ከኋላዬ ገባች።

«ጋሼ፣ እርስዎም ተቀጠሩ እንዴ?» አለችና ወደ አባቷ ዞረች። «አባባ፣ ነገ ወንበሮቹ ባዶአቸውን ይታያሉ። ኮቱን ለባለቤቶቹ ይመልሱ።»

«ተምረሽ የመጣሽው የቤት ገመና አደባባይ ማውጣት ነው? እኛ ያንን ቅርንጫፍ አንድም ቀን ጎዶሎ ሆኖ አላሳየንም!»

«አላሳያችሁም። እነሱም ሞልቷል ብለው ጻፉ።» ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። «የአምናው ሪፖርት ነው፤ ያድምጡኝ። ‹በሦስተኛው ጠረጴዛ የተቀመጡት አዛውንት ሠራተኛ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ተኝተው ተገኝተዋል። ይህም መደቡ በቂ ሥራ እንደሌለው ስለሚያሳይ እንዲታጠፍ።›»

ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ማን እንደነበር ልጠይቅ ብዬ ተውኩት። የአባ ቁልፍ ጆሮ በርበሬ መስሏል።

«ሙቀቱ ነው» አሉ።

«ከመደቡ ጋር የደመወዝ ጥያቄያችንም ታጠፈ። ሰው ተርፏችሁ ደመወዝ አነሰን ትላላችሁ? አሉን።»

«ደመወዝ ጨምሩልኝ ማለት እኮ ልመና ነው ልጄ። የቅርንጫፍ ሰው ደመወዙ የሚያንሰው ኑሮው ርካሽ ስለሆነ ነው።»

«ማን አለ?»

«ደንቡ።»

«የዚህን ከተማ ዋጋ በየወሩ መዝግቤ የምልክላቸው እኔ ነኝ፣ አባባ! ኪራዩ ከዋናው ከተማ እኩል ነው፤ ስኳርና ሳሙናማ የመኪናቸውን ከፍለው ስለሚመጡ ይብሳሉ። እዚያ ሆና ያንኑ ሥራ የምትሠራው እኩያዬ ግን በሲሶ ትበልጠኛለች። ሌሎቹ ለምን የሄዱ ይመስልዎታል? መንገዱን ተሻግረው የግሉ ባንክ ገቡ። በመስኮት እጅ እንነሣሣለን።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እነዚህማ በሽታቸውን ደብቀው ብቻ ሳይሆን በተዋሱት ኮት አልብሰው ነበር የኖሩት። እኔም ኮቱን ቀስ ብዬ አወለቅሁ።

«ቢሟላ ምን ሊመጣ ነው?» አሉ አባ ቁልፍ፣ ቁጣቸው ሳይበርድ።

«የተቀዳደደው ገንዘብ በቀኑ ይለወጣል፤ ዛሬ ተረኛ ስለሌለ ሰው ለወር ይመላለሳል። ዋጋው ተዘዋውረን አይተን እንጂ በግምት አይጻፍም። የባንኮቹም ሒሳብ ሳናየው አይከርምም። ይኸው ነው የሚመጣው።»

እዚህ ላይ መናዘዝ ነበረብኝ። «እኔ እንኳ የተቀደደውን በሙጫ እየለጠፍኩ ለአትክልት ሻጯ ሳቀብል ሁለት ዓመቴ ነው።»

«አንተ አፍህን ያዝ!» አሉኝና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ያሳፍራል እኮ።»

«ወንበሩን ያራቆተው ይፈር! እኔ አላፍርም። ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተዛወሪ ብለውኛል፤ ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። ነገም ሞልቶ ከታየ እፈርማለሁ። ያን ጊዜ እርስዎ የመሥሪያ ቤቱን ወንበር ሲሞሉ ቤታችን ባዶ ይሆናል።»

አባ ቁልፍ ኮቶቹን አንድ በአንድ አንሥተው፣ ትከሻቸውን አስተካክለው፣ መስቀያው ላይ መለሱልኝ። ከዚያ «ወፍራም ወረቀት አለህ?» አሉ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብለው፣ በዚያ ለሠላሳ ዓመት መዝገብ በጻፈ እጃቸው፣ ለእያንዳንዱ ባዶ ወንበር ጻፉ፦ ማን እንደ ነበረ፣ መቼ እንደ ሄደ፣ እዚህ ስንት ያገኝ እንደ ነበር፣ አሁን ስንት እንደሚያገኝ። ልጃቸው ትነግራቸዋለች፣ እሳቸው ይጽፋሉ። ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ሲደርሱ እሷን አልጠየቁም። የራሳቸውን ስምና ጡረታ ሲወጡ የነበራቸውን ደመወዝ ጻፉበት። አነበብኩት። ለካ ያን ሁሉ ዘመን የደበቁት ብዛቱን አልነበረም።

በማግስቱ ሳልሾም ለማየት ብቻ አብሬ ሄድኩ፤ ዘበኛው የጥንት ባልደረባቸው ስለሆነ አላገደንም። አራቱ ሠራተኞች ሥራቸው ላይ አቀርቅረዋል። በሰባቱ ወንበሮች ላይ ወረቀቶቹ ተቀምጠዋል። አቧራውም እንዳይጠረግ ልጅቷ ከልክላለች። የተቆጣጣሪዎቹ አለቃ እያነበቡ፣ መነጽራቸውን እያወለቁና እያጠለቁ ከወንበር ወደ ወንበር ሄዱ። ሦስተኛው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ቀና ብለው በሩ ሥር የቆሙትን አባ ቁልፍን ትክ ብለው አዩ።

«አባት፣ አምና እዚህ ወንበር ላይ ያየሁት እርስዎን አይደለም?»

«ነኝ» አሉ አባ ቁልፍ፤ «እርስዎም ቆጥረውኛል።»