ከፈተና የታገዱት አሥራ ስድስቱ

የሰባ ስድስት ክረምት ሳይዘንብ ወጣ፤ ሰባ ሰባት ችጋር ይዞ ገባ። ጤፍ ከአዲሱ ገበያ ጠፋ፤ ሲገኝም ዋጋው አያስቀርብም። በቀበሌው ሱቅ ደጅ ሰልፉ ሳይነጋ ይጀምራል። ድር በመጥፋቱ የጉለሌ ሸማኔዎች መወርወሪያቸውን ሰቀሉ። ከወሎ የመጣ ዘመድ ያላስጠጋ ቤት ጥቂት ነበር። አባት ሥራ ሲፈታ ልጅ እንጦጦ ወጣ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጠርጎ፣ አስሮ፣ ተሸክሞ ወርዶ መሸጥ የብዙ ቤት መተዳደሪያ ሆነ።

በመጋቢት ወር በአንዱ ቅዳሜ ጠዋት አቶ መሸሻ ቁስቋምን ተሳልመው ቁልቁል ሲወርዱ፣ ከፊታቸው የቅጠል ሸክም አጉብጦት የሚንገዳገድ ወጣት አዩ። ቀረብ ብለው ቢያዩት የሰፈሩ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሂሳብ መምህር ገለታ ነው። እሳቸው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈረቃ መሪ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ዛሬ የዚያው ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ሊቀ መንበር ናቸው።

«ጓድ መምህር! ደመወዝህን በቅጠል መክፈል ጀመሩ እንዴ?»

«እንደምን አደሩ አባባ መሸሻ። ሸክሙስ ይሁን፤ ቁልቁለቱ ነው ጉልበቴን የፈታው።» ሸክሙን ከድንጋይ ላይ አሳረፈ። «ልጆቹ ለምን እንደሚያረፍዱ በዓይኔ ልይ ብዬ አብሬያቸው ወጥቼ ነበር። ያቺ ከኋላዬ የምትመጣው የሺ ናት፤ ከአሥራ ስድስቱ አንዷ።»

ከኋላው አንዲት ቀጭን ልጅ ከእሱ ሸክም የሚበልጥ እስር ተሸክማ ደረሰች። አቶ መሸሻ ፊታቸውን አዞሩ። ኮሚቴው አሥራ ስድስት ደካማ ተማሪዎች ለስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና እንዳይመዘገቡ ተስማምቶ ነበር፤ የቀረው በማግሥቱ እሑድ ማጽደቅ ብቻ ነው። ሰው በቁጥር ላይ ሲወስን ቀላል ነው፤ ቁጥሩ ቅጠል ተሸክሞ ሲመጣ ግን ዓይን ያሳፍራል።

«ክፋት አይምሰልህ፣ ልጄ» አሉ። «አምና ከተፈተኑት እኩሌታው ወደቀ። የሰነፍ መናኸሪያ አሉን። ድሮ የሰፈሩ ልጅ ብቻ ሲማርበት እንዲህ አልነበረም። ዛሬ የሸማኔው፣ የቅጠል ለቃሚው፣ የስደተኛው፣ የእናንተም የጴንጤዎቹ ልጅ ተደባለቀበት።»

«የእኛዎቹ እንኳ ዘምረውም ቢሆን ያልፋሉ።»

ሽማግሌው ሳይወዱ ፈገግ አሉ። «ቀልዱን ተወው። ደካማው ቀርቶ ጠንካራው ቢፈተን የትምህርት ቤቱ ስም ይነሣል።»

«ስሙ ይነሣል፣ ልጆቹ ይወድቃሉ። በሽተኛ አላስገባም ያለ ሆስፒታል ‹ዘንድሮ ማንም አልሞተብኝም› ብሎ ቢኩራራ ምን ይሉታል?»

«ነገር ታውቃለህ። ግን ሰነፍን ማን ጎበዝ አደረገው?»

«ሰነፍ ከሆኑ በሁሉም ይስነፉ፣ አባባ። የሚወድቁት በሂሳብና በእንግሊዝኛ ነው፤ ሁለቱም የሚሰጡት በጠዋቱ የመጀመሪያ ሁለት ክፍለ ጊዜ ነው፤ ያኔ እነሱ ገና ከእንጦጦ እየወረዱ ናቸው። ከዕረፍት በኋላ በሚሰጡት በአማርኛና በሳይንስ ከሌላው ልጅ እኩል ናቸው፤ የሚበልጡም አሉ። አንድ ጭንቅላት በሁለት ሰዓት ደንቆሮ፣ በአምስት ሰዓት ብልህ ይሆናል?»

አቶ መሸሻ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «አንቺስ፣ ከትምህርት በኋላ ብትወጪ ምን አለበት?»

«ከሰዓት የደን ዘበኛ አለ፣ ማታ ጅብ አለ፣ አባባ። ጅቡን እንኳ በድንጋይ እናባርረዋለን።»

ገለታ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። «ታዲያ ምን ይደረግ? ችጋርን በስብሰባ አናግደውም።»

«ችጋሩን አናግድም፤ ሰዓቱን ግን መለወጥ እንችላለን። ስምንተኛ ሀ በጠዋት፣ ስምንተኛ ለ ከሰዓት ይግባ። ጠዋት ሥራ ያለበት ልጅ ሁሉ ለ ይመደብ። መምህራኑ ተስማምተናል፤ ተጨማሪ ደመወዝም አንጠይቅም። እስከ ሰኔ ሦስት ወር አለን። ምዝገባው ግን ሰኞ ይዘጋል፤ አንድ ቀን ከዘገየን ዓመታቸው ሄደ። ለነዚህ ደግሞ የሄደ ዓመት አይመለስም፤ በዚያው ከትምህርት ይቀራሉ።»

ፈረቃ የሽማግሌው የዕድሜ ሥራ ነበር። ይህን ሙያ ከማንም ይልቅ ያውቁታል።

«ፋብሪካ ሳለሁ» አሉ፣ «ክር የሚበጥሱ ሴቶች ነበሩ። ይባረሩ ተባለ። ባጣራ ሌሊት ሕፃን ሲያጠቡ የሚያድሩ ናቸው። ፈረቃቸውን ብለውጥላቸው ክሩ መበጠሱን ተወ።» ከዘራቸውን መሬት ላይ ጫን አደረጉ። «ለክር ያደረግሁትን ለልጅ ነሳሁ ማለት ነው።»

ከዚያ ልጅቷን፣ «የማን ልጅ ነሽ?» አሏት።

«የዳኜ፤ የሸማኔው።»

ስሙን አቶ መሸሻ በደንብ ያውቁታል። በሰባ ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብሩ አሰሳ ሰሞን፣ የበኩር ልጃቸው ሲታደን ዳኜ በሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶት ነበር። ድሩን ከላይ ዘርግቶ፣ እግሩን በልጁ ትከሻ ላይ አሳርፎ ሲሸምን፣ መሣሪያ የያዙት ሰዎች ቤቱን ፈትሸው ወጡ። ልጁ ዛሬ በሕይወት አለ። ሰው ውለታ መመለስ ሲያቅተው ግን ባለውለታውን ይሸሻል፤ አቶ መሸሻም ሸሽተው ኖሩ።

እሑድ በስብሰባው ስለ ዳኜ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ስለ ጠዋትና ስለ ከሰዓት፣ ስለ ሂሳብና ስለ አማርኛ ብቻ ተከራከሩ። የትምህርት ቤቱ ስም የሚጠበቀው ደካማ ልጅ በማስቀረት ነው ያሉትን የሆስፒታሉን ምሳሌ እየነገሩ አፋቸውን አስያዟቸው። አሥራ ስድስቱም ተመዘገቡ፤ የከሰዓቱም ክፍል ሰኞ ተከፈተ።

ውጤቱ በክረምት ሲመጣ ከአሥራ ስድስቱ አሥራ አንዱ አለፉ፤ የሺም አለፈች። የወደቁት አምስቱ ሊደግሙ ተመለሱ፤ ከትምህርት የቀረ የለም። የትምህርት ቤቱም ውጤት ካምናው ተሻለ። ችግረኛው ልጅ ሰዓት ሲያገኝ አስተማሪው በከንቱ አይደክምም፤ ባለጠጋውም ልጅ ከእሱ ጋር ተፎካክሮ ይጎብዛል። ጥቅሙ ለሁሉም ነው።

በዚያው ሳምንት አቶ መሸሻ የዳኜን በር አንኳኩ። ዳኜ እግሩን ታሞ መደብ ላይ ተቀምጧል።

«አቶ ዳኜ፣ የቆየ ብድር አለብኝ።»

«አውቃለሁ» አለ ዳኜ። «ለልጄ ብቻ አድርገውት ቢሆን ጉቦ ነው ብዬ እመልስልዎት ነበር። ለአሥራ ስድስቱም ስላደረጉት ተቀብያለሁ፤ ተከፍሏል።» ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው። «ይቀመጡ እንጂ። ከእንግዲህ እኔን ሽሽት በላይኛው መንገድ አይዙሩ፤ ዳገቱ ለዕድሜዎ አይሆንም።»