ለጤነኛ ሰው የመጣ ጠያቂ

ሚኪያስ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት አዳማ መናኸሪያ የሄደው ከአዲስ አበባ በሹፌር እጅ የተላከለትን መጽሐፍ ለመቀበል ነበር። መጽሐፉን በብብቱ ሸጉጦ ሊወጣ ሲል፣ ከመቂ ከመጣው ሚኒባስ አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ረጅም ሰው ፓፓያ የሞላበት ፌስታል አንጠልጥለው ሲወርዱ አየ። ሰውየው ኦቦ ጋሮምሳ፣ ሊያገባት ሽማግሌ የላከባት የሌንሳ አባት ነበሩ።

እሳቸውም አዩት። «አካም ጅርታ» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተው እጁን ያዙና እንደ ልማዳቸው አንድ ቃል ተናግረው አረፍ፣ ሌላ ቃል ተናግረው አረፍ እያሉ የመጡበትን ነገሩት። የውሃ ፓምፓቸውን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጥሶ ሌላ ሊገዙ ነው። ቺንጋው ግን ከሰዓት በኋላም ይደርሳል።

«አጎትህ ታመዋል ሲሉኝ ጊዜ» አሉ፣ «እዚህ ድረስ መጥቼ ሳልጠይቃቸው ብመለስ ነውር ነው። ቤታቸውን አሳየኝ።»

አጎቱ አልታመሙም ነበር።

ጋሽ ማስረሻ፣ እኅታቸው ስትሞት የሰባት ዓመቱን ሚኪያስን ወስደው ያሳደጉ፣ በቀድሞው የባቡር መሥመር ሠላሳ ዓመት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጤናቸው የተሟላ፣ እጃቸው ለሰው የተዘረጋ ነው። አንድ ነገር ብቻ አለባቸው። ሰው ወሬ ሲጀምር ገና በሦስተኛው ቃል ላይ ጉልበቱን መታ ያደርጉና «ገባኝ፣ ገባኝ» ይላሉ። ከዚያ የቀረውን ራሳቸው ይጨርሱለታል፤ አብዛኛውን ጊዜ በስሕተት። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሱሃይላ አንድ ጠዋት «ልጄ ከቤይሩት...» ብላ ስትጀምር፣ «ገባኝ፣ ገባኝ! እንኳን በደኅና መጣችልሽ» ብለው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ፤ አላፊ አግዳሚውንም «እንኳን ደስ አለሽ በሏት» አሉ። ሴትየዋ ልትናገር የነበረው ልጇ ከደወለች አራት ወር እንዳለፋት ነበር። ሚኪያስ በዚያን ጊዜ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈሩ ሲያልፍ ከሴትየዋ ጋር ዐይን ለዐይን ላለመተያየት መንገድ ይቀይራል።

እንግዲህ ሽማግሌ የሚላክበት ጊዜ ሲደርስ ያ የሚመታ እጅ በኦቦ ጋሮምሳ ጉልበት ላይ ሲያርፍ ታየው። ስለዚህ ለአጎቱ ቀኑ ገና አልተቆረጠም ብሎ፣ የሰፈሩን ሽማግሌ አቶ ብዙነህን ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ወደ መቂ ላከ። ከተጠየቁም ጨጓራቸውን ታመዋል እንዲሉ አደራ አላቸው። ኦቦ ጋሮምሳ እንደ ወጉ «እንመካከር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» ብለው ሲሸኟቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ያሳደገው ሰው የታሉ?»

ሚኪያስ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ የአንድን ስሕተት መዘዝ እስከ መጨረሻው ተከትሎ ማየት ሙያው ነበር። ሆኖም በአገራችን ሰውን ታሟል ብሎ ደብቆ ማስቀረት እንደማይቻል ዘነጋ። ታሟል የተባለ ሰው ቤቱ ጠያቂ ይሞላል እንጂ አይረሳም።

ባጃጁ ውስጥ ኦቦ ጋሮምሳ ፓፓያውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። ሚኪያስ ምናልባት ተኝተው ይሆናል አላቸው። «ተኝተው ከሆነ እጃቸውን ነክቼ እመለሳለሁ» አሉት። ባጃጁ ቢበላሽ ብሎ ተመኘ፤ አልተበላሸም።

ጋሽ ማስረሻ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ የውሃ ታንከሩን መቀመጫ ለመጠገን ሲሚንቶ ሲያቦኩ ደረሱባቸው። ሚስታቸው ወይዘሮ ዘርፉ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሚኪያስ እንግዳው ማን እንደሆኑ ነገራቸው።

«እኔ...» አሉ ኦቦ ጋሮምሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «መታመምዎን... ሰምቼ...»

«ገባኝ፣ ገባኝ» አሉ ጋሽ ማስረሻ። ቀጥሎ የሚሉትን ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። በዚያው ቅጽበት ዐይናቸው በሚኪያስ ፊት ላይ ዐረፈ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ሽማግሌው አፋቸውን ዘጉ፤ እጃቸውን በጨርቅ ጠራረጉ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው «አዎ፣ ዛሬ ትንሽ ተሻለኝ። ይግቡ» አሉ።

በዕድሜያቸው ሙሉ ከሌላው ቀድመው ሲረዱ የኖሩት ሰው በዚያች ጊዜ በእርግጥ ተረዱ።

ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ጋሽ ማስረሻ አልጋቸው ጫፍ ላይ እንደ በሽተኛ ዝም ብለው ተቀመጡ። በሽተኛ ብዙ አያወራም። ኦቦ ጋሮምሳም ቀስ እያሉ ስለ ሽንኩርት እርሻቸው፣ ስለ ፓምፑ፣ እሳቸውም አንድ ጊዜ በጨጓራ ስለ መሠቃየታቸው እስከ መጨረሻው አወሩ። ሲነሡ «ደስ የሚል ጨዋታ ነው የተጫወትነው» ብለው ተሰናበቱ። ወይዘሮ ዘርፉ እስከ በር ሸኝታቸው ምስሩን ይዛ ተመለሰች። ሚኪያስ ተከትሎ ሊወጣ ሲል «አንተ ቁጭ በል» ተባለ።

«ለመሆኑ» አሉ ጋሽ ማስረሻ፣ «የቱ ጋ ነው ያሳመምከኝ?»

«ጨጓራዎትን።»

«ለምን?»

ሚኪያስ ዐይኑን ከወለሉ ሳያነሣ ሁሉንም ተናገረ፤ ወደ መቂ የሄዱትን ሽማግሌዎች፣ የፈራውን እጅ፣ ወይዘሮ ሱሃይላን ጭምር። አጎቱ አላቋረጡትም፤ ምናልባት ስለ ራሳቸው የሚባለውን አስቀድመው ሊገምቱት ስላልቻሉ ይሆናል።

«ሰው ሲያወራህ እንደ ግድግዳ ዝም ብለህ ብታየው» አሉ በመጨረሻ፣ «አልሰማኸኝም ብሎ ያዝንብሃል። እኔ ገባኝ የምለው ልቤ ከእሱ ጋር መሆኑን እንዲያውቅ ነው። ደግሞም ባቡር ላይ ነው የኖርኩት። በየጣቢያው ከመስኮቱ ሥር ቆሞ ለዘመዱ መልእክት የሚልክብኝ ሰው ብዙ ነበር። እስኪጨርስ ብጠብቅ ባቡሩ ይዞኝ ይሄዳል። ሥራዬ ቶሎ መረዳት ነበር።»

«እሱስ እውነት ነው ጋሼ። አሁን ግን ይዞዎት የሚሄድ ባቡር የለም። ሰውየውም ቤትዎ ተቀምጦ ነው የሚያወራዎት። ልብዎ ከእሱ ጋር መሆኑን የሚያውቀው ሐሳቡን ሲያስጨርሱት ነው።»

«ታዲያ ይህቺን ለእኔ መንገር አቅቶህ ነው በሽተኛ ያደረግከኝ?»

«ታላቅ ሰውን ማረም ነውር መስሎኝ ነው።»

«ከኋላዬ ታሟል ማለትስ ክብር ነው?»

ሚኪያስ ከፊታቸው ያልተናገረውን ከባልደረቦቹ ጋር ሲያወራ ስንት ጊዜ ያንን «ገባኝ፣ ገባኝ» እያስመሰለ እንዳሳቀ ትዝ አለው። የተማረ ሰው ስንባል ታላላቆቻችንን በዝምታ ያከበርን እየመሰለን፣ ከኋላቸው መሣቂያ የምናደርግ ስንቶች ነን! ያ ዝምታ የእኛን እፍረት እንጂ የእነሱን ክብር አይጠብቅም።

ጋሽ ማስረሻ ግን ገና አላመኑም። ሱሃይላን እንዳሳዘኗት አምነው፣ የቀረውን ልጁ እንዳጋነነው ተናገሩና ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ዘርፉ፣ እስቲ አንቺ ፍረጂን።»

ወይዘሮ ዘርፉ እጇን ከምስሩ ሳታነሣ ተናገረች። «ሠላሳ ሁለት ዓመት ወሬ ከመጨረሻው እየጀመርኩ ነው የምነግርህ። መንገድ ላይ አደጋ አይቼ ስመጣ መጀመሪያ ሰውየው ተርፏል እልሃለሁ፤ ምን እንደገጨው የምነግርህ ከዚያ በኋላ ነው። መጨረሻውን ካላስቀደምኩ አንተ ትገድለዋለህ። አንድ ቀን እንኳ ከመጀመሪያው ጀምሬ ባወራህ ደስ ይለኝ ነበር።»

በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። ቁጣ ቢኖርበት ይሻል ነበር።

«ገባ...» አሉ ጋሽ ማስረሻ። ወደ ጉልበቷ የተዘረጋው እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ሰብስበው የራሳቸው ጉልበት ላይ አስቀመጡት።

«ጨርሺ» አሏት።

«ጨርሻለሁ።»

ያን ቀን ሦስቱ የተስማሙት ቀላል ነገር ነበር። እጃቸው ሰው ጉልበት ላይ ሊሄድ ሲል ወደ ራሳቸው ጉልበት ይመልሱታል፤ ካልተሳካላቸው ደግሞ ሰው ፊት ሳይሆን ኋላ ብቻቸውን ሲሆኑ ይነገራቸዋል። ጋሽ ማስረሻም ለሁለተኛው ሽምግልና እሄዳለሁ አሉ። ግን አስቀድሞ ሚኪያስ ኦቦ ጋሮምሳ ዘንድ ሄዶ እውነቱን መናገር አለበት። ልጅቷን ብከለከልስ ብሎ ቢለምናቸው፣ «ሰውየው ለውሸት ፓፓያ ተሸክሞ መጥቷል። ዐውቆ ይከልክልህ እንጂ ሳያውቅ አይስጥህ» አሉት።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ኦቦ ጋሮምሳን መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ሲጠብቁ አገኛቸው። አዲሱን ቺንጋ ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለውታል። ሚኪያስ እየተንተባተበ ጀመረ። አላገዙትም፤ አላቋረጡትምም። እያንዳንዱን የውሸቱን ቃል ራሱ ማውጣት ነበረበት። ሲጨርስ ኦቦ ጋሮምሳ ቺንጋውን ከትከሻቸው አወረዱ።

«አጎትህ... ሲሚንቶ ሲያቦኩ አይቻለሁ» አሉ። «ጨጓራው የጠናበት ሰው... ሲሚንቶ አያቦካም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«እስክትጨርስ ነው የጠበቅኩህ።» ይቅር ብዬሃለሁ አላሉትም። ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው ሄዱ።

ቀጠሮው ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ከጋሽ ማስረሻ ጋር ወደ መቂ ወረዱ። ሚኪያስ እንደ ወጉ ቤት ቀርቶ ጠበቀ። አመሻሹ ላይ አጎቱ ገብተው ጫማቸውን አወለቁ። ፊታቸው ምንም አያስታውቅም።

«ጋሼ፣ ሰጡን?»

«ቆይ» አሉ። «ከመጀመሪያው ልጀምር።»

ወይዘሮ ዘርፉ ሣቀች። ሚኪያስ የገዛ ጥያቄው አሳፈረው፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

ጋሽ ማስረሻ ከሞጆ ያለውን መንገድ ሳይቀር አወሩ። ኦቦ ጋሮምሳ ሁሉንም ካስቀመጡ በኋላ «ይህንን ልጅ እምቢ ልለው ወስኜ ነበር» ብለው ዝም አሉ። ውጭ ቲማቲም የጫነ መኪና ጥሩምባውን ነፋ። አቶ ብዙነህ ላባቸውን ጠረጉ።

«አፌ ላይ ሙሉ መልስ ነበረኝ» አሉ ጋሽ ማስረሻ። «ገባኝ፣ እኛም ለምነን አናገባም ብዬ ልነሣ ነበር። ጉልበቴን ጨምድጄ ያዝኩት። በልዞ ሳይሆን አይቀርም።»

«ከዚያስ?» አለች ወይዘሮ ዘርፉ።

«ከዚያማ ሰውየው ጨረሰ። ዋሽቶኝ ነበርና ነው አለ። ግን ማንም ሳይጠይቀው ራሱ መጥቶ ነገረኝ፤ ቤቱ ውስጥ የሚያርመው ሰው አለ ማለት ነው፤ ልጄን ለእንዲህ ያለ ቤት ሰጥቻለሁ አለ።»

ሚኪያስ የአጎቱን ጉልበት ስሞ ቀና ማለት አቃተው። ከደስታው ይልቅ እፍረቱ ከብዶት ነበር፤ ግን ይህ እፍረት ከሰው ዐይን የሚያሸሸው ዓይነት አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ብዙ ነገር ቀለለ። ወይዘሮ ዘርፉ ወሬዋን ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ጋሽ ማስረሻ አንዳንዴ ያመልጣቸዋል፤ ማታ ይነገራቸዋል፤ ይቆጡና ይቀበላሉ። ሚኪያስም ከባልደረቦቹ ጋር ሲሆን የአጎቱን ድምፅ ማስመሰሉን ተወ። ዘመድን ከሰው ደብቆ ከማፈር ይልቅ ለብቻው ጠርቶ በአክብሮት መንገር ያስከፈለው አንድ ከባድ ቀን ብቻ ነበር።

ከመቂ በተመለሱ ማግስት ጠዋት ጋሽ ማስረሻ የወይዘሮ ሱሃይላን በር አንኳኩ። ሚኪያስም መንገዱን ሳይቀይር ከኋላቸው ተከተለ። ሽማግሌው ከተሰጣቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሁለቱንም እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ያን ዕለት ስለ ልጅሽ ልትነግሪኝ ጀምረሽ ነበር» አሏት። «አላስጨረስኩሽም።»

ሴትየዋ አየቻቸው። ከዚያ ጀመረች። እስክትጨርስ ረፋዱ አለፈ።