የእናቴ ቀኝ እግር

ነይ እህቴ፣ እዚህ ቁጭ በይ። ሾርባው ዛሬ ጨው በዝቶበታል፤ ለነገሩ ከሞቀ ምን ችግር አለው… ከኋላችን ያሉት ሰውዬ? ተያቸው፣ እየበሉ ነው። እሳቸው የአስተርጓሚ ወሬ መቼ ሰምተው ያውቃሉ?

እናትሽ እንዴት ናቸው አልሽኝ? ተመስገን ነው። ቀኝ እግሯ ትናንት ደህና ዋለ። የግራውን ገና አልሰማሁም፤ እሱ የተኛው ሌላኛው ሆስፒታል ነው።

ምን ያስቅሻል? የአንድ ትልቅ ሰው ሥራ ነው እኮ የማጫውትሽ! ስም ምን ያደርጋል… ነባሩ ኃያል አገር መልእክተኛ ልኮ «በከተማችሁ ሆስፒታል እንሥራላችሁ» ሲል እኔው ነበርኩ ያስተረጎምኩት። ትልቁ ሰው «የመጀመሪያ ወዳጃችን እናንተ ናችሁ» አሏቸው። ከሰዓት በኋላ አዲስ የተነሣው ኃያል መጣ። ለእሱም «የመጀመሪያ ወዳጃችን እናንተ ናችሁ»። እኔ ምን ቸገረኝ፣ የጠዋቱን ደገምኩት! ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር። እሳቸው ግን ሚዛን ያውቃሉ፤ ለአንዱ የሰጡትን ለሌላው ካልሰጡ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ይኸው ሁለት ሆስፒታል በር ለበር ተፋጦ ቆመ፤ መሀሉ የመኪና መንገድ። ከሁለት ያጣ ጎመን ሲባል እንሰማ ነበር… እኛ ከሁለቱም አግኝተን ጎመን ሆንን።

ሐኪሙ ግን አንድ ነው። ምስኪን፣ አስፋልት ሲሻገር ይውላል። በሽተኛም እኩል ይከፈል ተባለ፤ አንዱ ወዳጅ እንዳይቀየም። እናቴ ደረጃ ላይ ወድቃ ሁለቱም እግሯ ሲሰበር፣ አቤት ዕድሏ፣ ለመካፈል እንዴት ተመቸች መሰለሽ! አልጋዋን መንገዱ መሀል ዘረጉላት። ቀኝ እግሯ ወደ ነባሩ፣ ግራው ወደ አዲሱ። መኪና ሲመጣ አልጋዋን ያነሡላታል፣ ክብሯ አልተጓደለም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ያለው ማን ነበር? እናቴን ባየ!

ጄሶ? መጥቷል እንጂ፣ ለቀኙ። የግራው እስኪደርስ ግን አይታሰርላትም፤ ሚዛን ይዛባላ! «ወደ አንዱ ትግባ» የሚል አንድ ቃል ነበር የቀረው። ስንት ጊዜ የትልቁን ሰው ቢሮ ደጅ ጠናሁ። «ጉዳዩ ስስ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ የአሮጊት አጥንት ስስ ነው… እሷ ደግሞ እያቃሰተች «እንግዶቹ እንዳይቀየሙ» ትላለች። አንጀቴ አርሯል እህቴ፣ ምን ልደብቅሽ።

ባለፈው እሳቸው ጥርሳቸውን ሲያማቸው ባሕር ተሻግረው ታክመው መጡ። ብልህ ናቸው! እዚህ ቢታከሙ የላይኛውን መንጋጋ ለማን፣ የታችኛውን ለማን ሊሰጡ ነው? አሁን ደግሞ ለዓለም የልማት ጉባኤ ሊሄዱ ነው አሉ፣ ስለኛ ተሞክሮ ሊናገሩ። ማን ያስተርጉምላቸው ይሆን? እኔ እንኳ ሥራ ይዣለሁ… መኪና ሲመጣ የእናቴን አልጋ አነሣለሁ።

ውይ፣ ከኋላችን ያሉት ሰውዬ ተነሡ እንዴ? ሾርባቸውን ሳይጨርሱ! ጨው በዝቶባቸው ይሆናል።

ጌቶች፣ መንገድዎን ቀና ያድርግልዎ! ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። አሜን በይ እንጂ እህቴ… ያመመዎት ቀን ባሕር መሻገር አያድክምዎ፤ ሁለቱ ወዳጆችዎ እዚሁ፣ እኩል፣ በየበኩላቸው ይያዙዎ። እናቴ አልጋዋን ትለቅልዎታለች።